የጥንቱ ክርስትና ከተሞች ከአዱሊስ እስከ አክሱም

ክርስትና ወደ አክሱም መንግሥት እንዴት እንደገባ ከሚተርኩት ጽሑፎች ቀደምቱ የሩፊኖስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ሩፊኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ የጻፈውን ከኤድስዮስ ከራሱ አንደበት እንደሰማው ይናገራል። ኤድስዮስና ፍሬምናጦስ ገና ልጆች ሳሉ ከጢሮስ ተነሥተው ሲጓዙ፣ መርከባቸው ውሃ ልትቀዳ በቆመችበት ወደብ ተወረረች፤ ሁለቱ ተርፈው ለንጉሡ ተሰጡ። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ፍሬምናጦስ አልጋ ወራሹን እያሳደገ አገር ሲያስተዳድር፣ በግዛቱ ያሉትን ክርስቲያን የሮም ነጋዴዎች እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ ያግዛቸው ነበር። በዚህ ትረካ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ቃሉ እውነት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቤተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ መፈለግ ያለበት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በንግድ ከተሞች ጭምር ነው።

የንግዱ መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ከአዱሊስ ወደብ እስከ ኮሎኤ የ3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም የ5 ቀን መንገድ እንደሆነ መዝግቧል።

አዱሊስ በዛሬዋ ኤርትራ በዙላ አጠገብ ትገኛለች። በ1868 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሲያልፍ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆፈረ፤ በ1907 ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ፓሪቤኒ ሥራውን ቀጠለ። ከ2011 ጀምሮ የጣሊያንና የኤርትራ ባለሙያዎች በጋራ ባካሄዱት ቁፋሮ የከሰል ናሙናዎች በራዲዮካርቦን ሲለኩ፣ የከተማዋ ካቴድራል ከ5ኛው መቶ ዘመን መባቻ እስከ 6ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ምሥራቃዊው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ መታነጹ ታወቀ። ከፍርስራሹ የተገኘው እብነ በረድ ከማርማራ ባሕር ደሴት ተፈልፍሎ የመጣ ነው። ከቁስጥንጥንያ አጠገብ የተጠረበ ድንጋይ በመርከብ ተጭኖ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ መድረሱ፣ የአዱሊስ ምእመናን ከሜዲትራኒያን ወገኖቻቸው ጋር ምን ያህል የተቀራረቡ እንደነበሩ ያሳያል።

ከወደቡ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ በሰንዓፈ አጠገብ ያለችው መጠራ ትገኛለች። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬይ ከ1959 ጀምሮ በቆፈራት በዚች ከተማ የመኳንንት መኖሪያዎች፣ ቤተ ክርስቲያናት፣ እንዲሁም የሮማ ቄሣሮች የወርቅ ሳንቲሞችና የወርቅ መስቀሎች አብረው የተቀመጡበት የነሐስ ዕቃ ተገኝተዋል። 

ለሩፊኖስ ቃል ከሁሉም የሚቀርበው ማስረጃ የወጣው ስሟ በጽሑፍ ካልተያዘ ከተማ ነው። በ2009 በሚካኤል ሃሮወር የሚመራው ቡድን ከየሐ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የአካባቢው ሰው ቤተ ሰማዕቲ በሚለው ኮረብታ ላይ ፍርስራሽ ለየ። 14 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ይህ ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከልደቱ በኋላ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ሰው ሲኖርበት የቆየ ነው። ውጤቱ በ2019 ሲታተም በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ባሲሊካ ይፋ ሆነ። ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ገደማ ነው። በውስጡና በዙሪያው ማኅተሞች፣ ከዓቃባ የመጡ የወይን እንስራ ስብርባሪዎች፣ መስቀልና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት የአንገት ጌጥ ጥቁር ድንጋይ ተገኝተዋል። የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ዕንቁ ያለው የወርቅ ቀለበትም አለ። መስቀሉና በሬው በአንድ ስፍራ መገኘታቸው፣ አዲሱ እምነት ሲሰበክ የቀደመው ሥርዓት በአንድ ጀንበር እንዳልጠፋ ይመሰክራል። ማኅተሙና እንስራው ደግሞ ጸሎቱና ንግዱ ጎን ለጎን ይካሄዱ እንደነበር ያስረዳሉ።

በአክሱም የለውጡ ምስክር በእጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሳንቲም ናት። በንጉሥ ዒዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች ላይ፣ በሁለት የስንዴ ዛላ መካከል ከተቀረጸው የንጉሡ ምስል በላይ ጨረቃና ክብ ጎልተው ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ላይ ቦታውን መስቀል ይዞታል። ይህን የሚያጸና ጽሑፍም ከውጭ አለ። ቄሣር ቆንስጣንዮስ በ356 ገደማ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና በላከው ደብዳቤ፣ ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠይቋል፤ ደብዳቤው የተረፈው ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ ስላሰፈረው ነው። የጥንታዊቷ ጽዮን ማርያም ሕንጻ ግን በቁፋሮ እምብዛም አልተመረመረም፤ ቦታው ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስበት ነውና። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን የቆመው ከእርሱ እጅግ በሚቀድም ሰፊ የድንጋይ መሠረት ላይ ነው።