የፈንጣጣ የመጨረሻ መሸሸጊያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ምሳሌ። የዚህን ቃል እውነተኛነት ከፈንጣጣ ታሪክ ይበልጥ የሚያስረዳ አይገኝም። ከነገሌ ቦረና ወደ ምሥራቅ ገናሌንና ወይብን ተሻግሮ እስከ ኤል ከሬ የሚዘልቀው ሰፊ ቆላ፥ ይህ ክፉ በሽታ ከኢትዮጵያ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት የተሸሸገበት የመጨረሻው ስፍራ ነበር።

አገራችን ፈንጣጣን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። በሽታው በሕመምተኛው ትንፋሽ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል፤ ከ12 ቀን ገደማ በኋላም ትኩሳትን፥ ቀጥሎም በፊትና በእጅ እግር ላይ የሚበረታ ሽፍታን ያስከትላል። አባቶቻችን ከሕመምተኛው ቁስል ጥቂት መግል ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ በተቧጨረ ስፍራ በመቀባት ይከላከሉት ነበር። ይህ ዘዴ ብዙዎችን አድኗል፤ ነገር ግን በዚህ ዐይነት የተከተበው ሰው በሽታውን ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችል ስለ ነበር፥ ጥቅሙና አደጋው የማይለያዩ ነበሩ።

የዓለም የጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የተጠናከረ ዘመቻ የከፈተው በ1959 ዓ.ም. ሲሆን፥ በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ የሚበልጡ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዐይነት ስለ ነበረ ከ100 ሕመምተኞች የሚገድለው ከ2 አይበልጥም ነበር። ቀላልነቱ ግን ለዘመቻው እንቅፋት ሆነ። ሕመምተኛው አልጋ ሳይዝ ከገበያ ወደ ገበያ እየሄደ በሽታውን ይዘራል፤ ቤተ ዘመዱም ነገሩን አቅልሎ ለሐኪም ሳይናገር ይቀራል።

መንገድ በሌለበት አገር ሕዝቡን ሁሉ መክተብ የማይቻል በመሆኑ፥ የዘመቻው ሠራተኞች ሌላ ዘዴ ተከተሉ። ፈንጣጣ ከሰው በቀር በእንስሳ ላይ አይኖርም፤ ሽፍታውም ለማንም የሚታይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ፈልጎ ማግኘት፥ ከሌሎች ለይቶ ማስታመም፥ በዙሪያው ያሉትንም መክተብ ከተቻለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው፥ ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ዴ ኳድሮስም እየመራቸው፥ በእግርና በበቅሎ አገሩን ዞሩ። የሕመምተኛ ሥዕል ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ደጋው ቀስ በቀስ ሲጸዳ በሽታው ከዘላኑ ሕዝብ ጋር በቆላው ቀረ። በመጨረሻም ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በኤል ከሬ በዲሞ መንደር አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ታመመች። ከእርስዋ በኋላ በኢትዮጵያ በፈንጣጣ የታመመ ሰው አልተገኘም።

ይሁን እንጂ በሽታው ወሰን ተሻግሮ በሶማሊያ ጥቂት ጊዜ ቆየ። ጥቅምት 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ሁለት የታመሙ ሕፃናትን የጫነ መኪና ወደ መርካ ከተማ ሲደርስ፥ ዓሊ ማኦ ማሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ መንገድ ለማሳየት ጥቂት ደቂቃ አብሮ ተጓዘ። የሆስፒታል ሠራተኛ ሁሉ መከተብ ሲገባው እርሱ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ሲታመም በመጀመሪያ ወባ ነው፥ ሽፍታው ጥቅምት 16 ቀን ሲወጣም ጉድፍ ነው ተባለ፤ ፈንጣጣ መሆኑ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ሆስፒታሉ አዲስ ሕመምተኛ ከመቀበል ታገደ፥ በከተማውና በአካባቢው ከ50 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ተከተበ። ዓሊ ዳነ፤ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው ሰውም እርሱ ሆነ። በኋላ ዘመን ለፖሊዮ ክትባት ሲደክም ኖሮ በ2005 ዓ.ም. በወባ ዐረፈ።

በፈንጣጣ የሞተ የመጨረሻው ሰው ደግሞ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የታየ ነው። ተሐዋሲው ይመረመርበት በነበረ የሕክምና ትምህርት ቤት የምትሠራ አንዲት ፎቶግራፍ አንሺ ታማ፥ መስከረም 1 ቀን 1971 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫችን ዕለት ሞተች። የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ያወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። በበረሓ የተደበቀው በሽታ በትጋት ተፈልጎ ሲገኝ፥ የመጨረሻው ሕመምተኛ የሆስፒታል ሠራተኛ፥ የመጨረሻዋ ሟችም የሕክምና ትምህርት ቤት ሠራተኛ ሆኑ። የአስታማሚው ደኅንነት የሕመምተኛው ሕክምና አንዱ ክፍል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም። ጤና ጣቢያ የሚመራ ሹም ስለ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ወጥ ሠሪው፥ ስለ ዘበኛው፥ ስለ ሾፌሩና ወለል ስለምትጠርገው ሴትም ተከትበዋል ወይ ብሎ ይጠይቅ። የዲሞ ሕፃን በብዙ ሰዎች ድካም ተገኝታለች፤ በገዛ ቤታችን ያለውን ሰው ሳናይ ብንቀር ግን ምክንያት አይኖረንም።