ሴባስቶፖልና አምሳያው

በአዲስ አበባ፥ የቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው ስፍራ፥ አፉን ወደ ሰማይ ያነሣ መድፍ ተቀምጧል። ሰው ኹሉ ሴባስቶፖል ይለዋል፤ ነገር ግን ምሳሌው ነው እንጂ አማናዊው አይደለም። አማናዊው እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ነው።

የተወለደው ግን ከኹለቱም ስፍራ ሳይኾን ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። በዚያ የነበሩት ፈረንጆች ብዙዎቹ ከባዝል አጠገብ ካለው ከክሪስኮና የወንጌል ትምህርት ቤት ወጥተው፥ በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው ናቸው። እነርሱ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጡ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ ጠየቋቸው። ዋልድማየር፥ ሳልሙለርና ባልንጀሮቻቸው ናስ አቅልጦ መድፍ ማፍሰስን የተማሩት እዚያው ጋፋት፥ እየሳቱ እየደገሙ ነው። በ1859 ዓ.ም. ገደማ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ታላቁ መድፍ ተፈጸመ። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ዓመት ያህል ተከቦ ከወደቀው ከመስኮብ ወደብ ነው። እንግዲህ መድፉ ራሱ ከመጀመሪያው የሌላ አገር ጦርነት መታሰቢያ ነበረ፤ ንጉሡም የባሕር ማዶውን ወሬ እንዴት ይከታተሉ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉዞ ጀመሩ። መድፉ በሠረገላ ተጭኖ፥ በጠፍር እየተጎተተ፥ በደብረ ዘቢጥ፥ በዋድላና በደላንታ ዐለፈ። ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረምና ድንጋይ እየተፈነቀለ፥ ገደል እየተናደ ተሠራ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ምን ያህል እንደ ኾነ አገሩን የረገጠ ያውቀዋል። መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

የአደባባዩ አምሳያ የመድፉን መልክ ያሳያል፤ ይህን ድካም ግን ሊያሳይ አይችልም፤ ቅርጹ እንጂ ክብደቱ አልተቀዳምና።

ሴባስቶፖል ለንጉሡ ድል አላመጣላቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ማግሥት፥ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ለመድፉ የተሠራው መንገድ ግን አገልግሏል፤ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ጅዳንና በሽሎን የተሻገረው በዚያው መንገድ ነበረ።