የቁንዶ በርበሬው ውሃ ደብዳቤ፤ የምርምር ጽሑፍ ለመጽሔት ስለሚዘጋጅበት ሥርዐት ታሪካዊ ጥናት

አንድ ተማሪ የምርምሩን ውጤት በመጽሔት ለማሳተም ሲነሣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው የመጽሔቱ አዘጋጆች ያወጡት ደንብ ነው። የጽሑፉ ርዝመት ይህን ያህል ይሁን፤ ሙከራው በምን ዕቃና በምን መንገድ እንደ ተደረገ ለብቻው ይገለጽ፤ መለኪያው ይነገር፤ የተገኘው ነገርና ጸሐፊው ስለ ተገኘው ነገር ያለው አስተያየት አይደባለቁ፤ እያለ ደንቡ ይቀጥላል። ብዙዎቻችን ይህን ደንብ የምናየው የመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ቅጽ እንደምናይ ነው፤ ካልሞላነው አያሳልፈንም ብለን እንሞላዋለን እንጂ ለምን እንደ ተጠየቅን አንመረምርም። እኔ ግን ነገሩን ከታሪክ በኩል ስመለከተው ደንቡ የአዘጋጆች ፈሊጥ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ደንቡ የተወለደው ከአንድ ችግር ነው። ይኸውም በሩቅ አገር የሚኖር፣ ማንም የማያውቀው ሰው፣ ማንም ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ ቢጽፍ በምን ይታመናል? የሚለው ነው። ይህን ችግር ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በ1676 ከሆላንድ ወደ ሎንዶን የተላከ አንድ ደብዳቤ ስለ ሆነ፣ ሐተታዬን በዚሁ ላይ አደርጋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደብዳቤው የደረሰበትን ቤት አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር በ1660 ሎንዶን ውስጥ ተቋቋመ። የማኅበሩ የላቲን መፈክር ፍሬ ነገሩ የማንንም ቃል እንዲያው አትቀበል ማለት ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ከኤውሮፓ ሊቃውንት ጋራ ብዙ ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበረ። ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ጠቃሚ የመሰሉትን እየመረጠና እያሳጠረ በማርች ወር 1665 «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት በራሱ ወጪ ማሳተም ጀመረ። እንግዲህ ዛሬ የሳይንስ መጽሔት የምንለው ነገር ሥሩ ደብዳቤ ነው። ኦልደንበርግ ከባዕድ አገር ሰዎች ጋራ በመጻጻፉ ተጠርጥሮ፣ እንግሊዝና ሆላንድ ይዋጉ በነበረበት በ1667 በሎንዶን ግንብ ሁለት ወር ያህል ታስሯል፤ የአዘጋጅነት ሥራ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መከራም ነበረበት።

ደብዳቤውን የጻፈው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1632 ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ፤ በኛ አገር ዐፄ ፋሲለደስ የነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው። ሥራው የጨርቅ ንግድ ነበረ፤ በኋላም በከተማው አስተዳደር አንድ አነስተኛ ሹመት አገኘ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የዚያ ዘመን ሊቃውንት የሚግባቡበትን ላቲንንም ስለማያውቅ የሚጽፈው በእናቱ ቋንቋ በሆላንድኛ ብቻ ነበረ። ይሁን እንጂ እጅግ ትንንሽ መስተዋት እያዘጋጀ፣ በሁለት የብረታ ብረት ዝርግ መካከል እያስገባ፣ በዘመኑ የሚተካከለው ያልነበረ አጉሊ መነጽር ይሠራ ነበረ። በ1673 የከተማው ሐኪም ሬይኒየር ደ ግራፍ ለኦልደንበርግ ጽፎ አስተዋወቀው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጽሑፉ ወደ መጽሔቱ የገባው በታወቀ ሰው አስተዋዋቂነት ነው እንጂ በራሱ ስም ብርታት አልነበረም።

ኦክቶበር 9 ቀን 1676 የጻፈው ግን ከቀድሞዎቹ የተለየ ነው። ነገሩ የተነሣው ከአንድ ተራ ጥያቄ ነበረ፤ ቁንዶ በርበሬ ምላስን የሚያቃጥለው ስለ ምን ነው? ሌቨንሁክ ምክንያቱን በዐይኑ ለማየት ፈልጎ ቁንዶ በርበሬውን ከበረዶ በቀለጠ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ኤፕሪል 24 ቀን ሲመለከት በውሃው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ቍጥር የሌላቸው ሕያዋን ፍጥረቶች ሲንቀሳቀሱ አየ። ስለ ማቃጠሉ ያገኘው መልስ አልነበረም፤ ነገር ግን ከነዚህ ፍጥረቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸው እንደ ነበሩ የኋላ ሊቃውንት ተስማምተውበታል። የሰው ዐይን ባክቴሪያን አየ የሚል የመጀመሪያው የጽሑፍ ምስክር ይኸው ነው ማለት ነው።

አሁን ደብዳቤውን እንደ አንድ የምርምር ጽሑፍ አድርገን እንመርምረው። በብዙ በኩል ጽሑፉ የሚደነቅ ነው። ሌቨንሁክ ያየውን ሁሉ በየቀኑ ከነወሩ ይመዘግባል። ውሃው የዝናብ፣ የወንዝ፣ የጉድጓድ ወይም የባሕር መሆኑን ለይቶ ይናገራል። ፍጥረቶቹ ከሰማይ ከዝናቡ ጋራ ይወርዱ እንደ ሆነ ለማወቅም በግቢው ውስጥ የሸክላ ሳሕን ከመሬት ከፍ አድርጎ አስቀመጠ፤ ይህንም ያደረገው አፈር እንዳይረጭበት ነው። መጀመሪያ የገባውን ውሃ ደፍቶ እንደ ገና አዲስ ውሃ አጠራቀመ። በአዲሱ ውሃ ውስጥ ምንም አላየም፤ ውሃው ጥቂት ቀን ከቈየ በኋላ ግን አየ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ነጋዴ የሰው ጥርጣሬ ከየት በኩል ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ አስቦ መንገዱን ይዘጋል። በእኔ አስተያየት ከደብዳቤው ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይኸው የሳሕኑ ታሪክ ነው።

ስለ መለኪያውም እንዲሁ ነው። ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የተዘጋጀ መለኪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። እጅግ ትንሽ ናቸው ብሎ ቢተወው ማንም አይፈርድበትም ነበረ። እርሱ ግን ማንኛውም አንባቢ በእጁ ሊያገኘው የሚችለውን የአሸዋ ቅንጣት መረጠ። ከነዚህ ፍጥረቶች አንድ መቶው ጐን ለጐን ቢሰለፉ የአንዲት ሻካራ አሸዋ ቅንጣት ርዝመት አያህሉም፤ እንግዲያስ በግዙፍነት አንድ ሚሊዮን የሚሆኑት አንዲቱን ቅንጣት አያህሉም ብሎ አሰላ። አንባቢው ሎንዶን ተቀምጦ ስሌቱን ራሱ ሊደግመው ይችላል።

ነገር ግን አንድ ነገር ጐደለ፤ የጐደለውም ሆን ተብሎ ነው። ሌቨንሁክ ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየ፣ ውሃውን ከየት እንዳመጣ ሲናገር፣ በምን ዐይነት መስተዋትና በምን ዘዴ እንዳየ አልገለጸም። መስተዋቱን እንዴት እንደሚሠራና እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረቶች የሚመለከትበትን ልዩ ዘዴ ለራሱ ይጠብቀው ነበረ። በዛሬው ደንብ «ዕቃና ዘዴ» የሚባለው ክፍል እኩሌታው ባዶ ነበረ ማለት ነው።

ሌላም መጋረጃ ነበረበት፤ እርሱም ቋንቋው ነው። ኦልደንበርግ ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ሲመልሰውም አሳጠረው፤ ከእኩሌታው ብዙ የማይበልጠውን በማርች ወር 1677 በ133ኛው ቍጥር አወጣው። ሙሉ ቃሉ በእንግሊዝኛ የታተመው ክሊፎርድ ዶቤል በ1932 ስለ ሌቨንሁክ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ የሎንዶን ሊቃውንት የፈረዱት በሌላ ሰው ብዕር ባለፈና ባጠረ ጽሑፍ ላይ ነበረ። ኦልደንበርግን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሱ ባይኖር ደብዳቤው ከነጭራሹ ባልተነበበ ነበር። ነገር ግን በአንድ ቋንቋ አስበን በሌላ ቋንቋ ለምንጽፍ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በመጀመሪያ የሚቈረጠው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው እንዴት ወደ ውጤቱ እንደ ደረሰ የሚናገረው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ለቸኮለ አንባቢ እርሱ አሰልቺ ይመስላል።

ማኅበሩ ደብዳቤውን በሰማ ጊዜ መፈክሩ እንደሚያዝዘው አደረገ፤ ምስክርም ጠየቀ፣ ሙከራውም በሎንዶን እንዲደገም ወሰነ። ሌቨንሁክ የመለሰው በራሱ አገር ልማድ ነው። በኦክቶበር 1677 የስምንት የታመኑ ሰዎች የምስክርነት ቃል ላከ፤ ከመካከላቸው የሃይማኖት አገልጋዮች ይገኙባቸው ነበረ። እነዚህ ሰዎች የማሽላ ፍሬ በምታህል ውሃ ውስጥ አንዱ 10,000፣ ሌላው 30,000፣ ሌላውም 45,000 ፍጥረቶች አየሁ ብለው ፈረሙ። በኛም አገር ቢሆን የርስት ክርክር በሽማግሌ ምስክር ሲያልቅ ኖሯልና ሐሳቡ አያስደንቀንም። ነገር ግን ቍጥሮቹን ተመልከቱ። ምስክሮቹ መኖሩን ይመሰክራሉ እንጂ ስንት እንደ ሆነ አይስማሙም፤ የሰው ታማኝነት የዐይኑን መለኪያ አያስተካክልምና።

በሎንዶን ሙከራውን እንዲደግም መጀመሪያ የታዘዘው ነህምያ ግሩ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ነበረ፤ አልተሳካለትም። ኦልደንበርግ በሴፕቴምበር 1677 ስለ ሞተ ሥራው ወደ ሮበርት ሁክ ተላለፈ። ሁክ በኖቬምበር ወር ለማኅበሩ ስብሰባ ሲያሳይ በመጀመሪያው ጊዜ የታየ ነገር አልነበረም። ተስፋ ሳይቈርጥ የተሻለ አጉሊ መነጽር አዘጋጀ፤ ውሃውንም እጅግ ቀጭን በሆነ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ አደረገው፤ ቁንዶ በርበሬው ከነፍሬው በዝናብ ውሃ ውስጥ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቀን ያህል እንዲቈይ አደረገ። ኖቬምበር 15 ቀን ፍጥረቶቹ ታዩ፤ ክሪስቶፈር ሬንን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎችም ተራ በተራ ተመለከቷቸው። ከዚያም በኋላ የማኅበሩ አባሎች ጥርጣሬያቸውን ተዉ። የስምንቱ ምስክሮች ቃል ያልፈጸመውን አንድ ቱቦ ፈጸመው።

ሁክ ከዚህ በኋላ ያደረገው ለርእሳችን ይበልጥ ይጠቅማል። በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ ቱቦው እንዴት እንደሚሠራ፣ መስተዋቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ውሃው በምን ብርሃን እንደሚታይ ሌላው ሰው እንዲከተለው አድርጎ ጻፈ። ግኝቱ የሌቨንሁክ ነው፤ ግኝቱን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ዕውቀት ያደረገው ግን የሁክ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ማኅበሩ በ1680 የዴልፍቱን ነጋዴ አባል አድርጎ መረጠው፤ እርሱም በ1723 እስኪሞት ድረስ መጻፉን አላቋረጠም። ዘዴውን ግን ሳይገልጥ ሞተ። ለማኅበሩ በኑዛዜ የተወው 26 አጉሊ መነጽርም ከብዙ ዓመት በኋላ ከማኅበሩ እጅ ጠፍቷል።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን በአጭሩ ላልፈው። ማኅበሩ በ1752 መጽሔቱን በራሱ ኀላፊነት ይዞ የቀረቡትን ጽሑፎች የሚመርጥ ኮሚቴ አቆመ። በ1830ዎቹም በጽሑፍ የተደገፈ የመርማሪ አስተያየት መቀበል ተለመደ። በ1978 የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ጽሑፍ የሚቀርብበትን አንድ ወጥ ደንብ አወጡ።

ከዴልፍት ወደ ዐድዋ መሻገር ሩቅ መንገድ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ወዲያውም ከልብስ ማጠቢያው ከፍ ብሎ ካለው ሥፍራ ሕያው ቀንድ አውጣ አምጥተው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርበት አደረጉ፤ ሞተ። ይህ የሌቨንሁክ ሳሕን ወንድም ነው። የመጀመሪያውን ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። ዘዴው አልተሰወረም፤ ተክሉም በየአጥሩ የሚበቅል ነው። ይህም ሆኖ የእንዶድ መርዛማነት ምርመራ ዓለም አቀፍ ደንብ ያሟላል በተባለ ላቦራቶሪ በውጭ አገር እስኪደገም ድረስ ከሃያ ዓመት የበለጠ ጊዜ አለፈ። እኔ እዚህ ላይ ሁለት ነገር እለያለሁ። ይደገም ማለት ተገቢ ነው፤ ሁክም ያደረገው ይህንኑ ነው። የሚደግመው ሰው አድራሻ ከሙከራው ይበልጥ ሲታመን ግን ያ ወደ ስምንቱ ምስክሮች መመለስ ነው።

ስለ ሌቨንሁክ ምሥጢር አንድ ነገር ቀርቷል። በ2021 የሆላንድ ተመራማሪዎች በኡትሬክት ከተማ ያለውን አጉሊ መነጽሩን፣ ነገርን 270 ጊዜ ያህል የሚያጐላውን፣ ሳይፈቱት በኒውትሮን ጨረር መረመሩት። በውስጡ የተገኘው በእሳት ከቀለጠ የመስተዋት ክር የተሠራ፣ የግንዱ ስባሪ ገና ያልጠፋ ትንሽ ድቡልቡል መስተዋት ነበረ። ይህን የመሰለውን መስተዋት አሠራር ሮበርት ሁክ ለዐይን አስቸጋሪ ነው ብሎ ራሱ ባይወደውም፣ «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ መቅድም ላይ በ1665 ለማንም አንባቢ ገልጾት ነበረ።