ማትሪክ ያለፈው ማን ነው?

እንደሚታወሰው በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ወሬው ሁሉ «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፣ ተማሪ የሚያቀርቡለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በተለይ የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት ይጠቀሳሉ። ሁለቱም አዳሪ ነበሩ፤ ተማሪው እዚያው በልቶ፣ እዚያው ተኝቶ፣ ከውጭ አገር መምህራን እንግሊዝኛ ጠጥቶ ያድጋል። ፈተናውም የለንደን ነበር። «ማትሪክ» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ።

ኋላ የራሳችን ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ወረቀት በእንግሊዝኛ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ የዓድዋን ታሪክ ከአያቱ አፍ የሰማ የገጠር ልጅ፣ ታሪክ ፈተና ላይ የሚወድቀው ታሪክ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም እኮ! ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ቢወጣም በአንድ ሰሞን ፈተና ይወሰንበታል። በደርግ ዘመን ደግሞ ቦታው ጠባብ ስለነበረ፣ ሁለት ነጥብ ያመጣም ቢሆን ደጅ ይቀር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅማ በሩ ራሱ ተዘጋ፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ዘመተ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆችም የመግቢያው ነጥብ ዝቅ ተደረገ። ይህን የሚያማርሩ አሉ፤ ነገር ግን ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ የምታጠናን ልጅ ከወንድሟ ጋር በአንድ ሚዛን መስፈር ፍርድ አይመስለኝም።

ወደ 2015ቱ ውጤት ልመለስ። ኩረጃና የፈተና ስርቆት ስላስቸገረ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት 896 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው፤ 39 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ታዲያ በአንድ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ሊሆን ይችላል? ለእኔ ከልጁ ጉብዝና ይልቅ የተማረበት ቤት፣ ያስተማረው መምህርና እንግሊዝኛው የበለጠ ይመዝናሉ።

ከወደቁት መካከል የተሻለ ነጥብ የነበራቸው በማካካሻው ትምህርት፣ «ሪሚዲያል» በሚሉት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንደገና እንዲፈተኑ ተደርጓል። የቀሩት ግን በየሰፈሩ አሉ።