አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ ተማሪ ላልሆነውም ዜጋ የሚያገለግሉ ተቋማትና መርሐ ግብሮች

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በብዙ ዜጎች ዘንድ የሚታወቀው በመማር ማስተማር ሥራው ነው። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው በሕዝብ ሀብት የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም እንደመሆኑ፣ የተማሪነት መታወቂያ የሌላቸው ዜጎችም የሚገለገሉባቸው በርካታ ክፍሎች አሉት። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ባለጉዳይ፣ ከፍተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ፣ የሀገሩን ታሪክ የሚመረምር ጸሐፊ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ያሳሰበው ነዋሪና የቀድሞ የትምህርት ማስረጃውን የሚፈልግ ተመራቂ ሁሉ ጉዳያቸው ወደዚሁ ተቋም ያደርሳቸዋል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን የአገልግሎት ዘርፎች፣ ያቋቋሟቸውንና ያሳደጓቸውን ባለሙያዎች እንዲሁም ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን በአጭሩ ያስረዳል።

አመሠራረት

ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው በ1942 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደረጃ በአራት ኪሎ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለትምህርት በመስጠታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በስድስት ኪሎ ተቋቋመ። ቀደም ሲል ለየብቻቸው ይሠሩ የነበሩ ኮሌጆች፣ ከእነዚህም መካከል የአለማያ የግብርና ኮሌጅና የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሥር ተሰባሰቡ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ሲሆኑ፣ እርሳቸውን ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ተክተዋል። ተቋሙ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው ከ1966ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ገና ከጅምሩ ከግቢው ውጭ ላለው ሕዝብ የማገልገል ኃላፊነት ነበረበት። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለዚህ ዐቢይ ምሳሌ ነው። በዚህ መርሐ ግብር ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከማጠናቀቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በዚያን ዘመን በገጠር ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተከታተሉት ብዙዎቹ ከእነዚህ ወጣት መምህራን የተማሩ ናቸው።

ነፃ የሕግ ድጋፍ

የሕግ ፋኩልቲው የተመሠረተው በ1956 ዓ.ም. ነው። በአሁኑ ወቅት በአዲስ አበባም ሆነ በሀዋሳ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በሐረማያና በመቀሌ በሚገኙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። አገልግሎቱ በተለይ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ዜጎች የታሰበ ነው። ባለጉዳዩ የሕግ ምክር ያገኛል፤ የክስ አቤቱታ፣ መልስ ወይም ይግባኝ ይጻፍለታል። እንደ ጉዳዩ ሁኔታና እንደ ማዕከሉ አቅም ደግሞ በፍርድ ቤት የሚከራከርለት ባለሙያ ሊመደብለት ይችላል።

በዚህ ዘርፍ ተገልጋዮችን ይበልጥ የሚጎዳው መዘግየት ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሚረዳው ዘመድ ወይም ገንዘብ እስኪያገኝ የሚጠብቅ ባለጉዳይ፣ እውነት ይዞ ሳለ መብቱን በጊዜ ማለፍ ብቻ ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም ጉዳይ የገጠመው ሰው ሰነዶቹን አሟልቶ እስኪጨርስ ሳይጠብቅ፣ በእጁ ያለውን ይዞ ወደ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ቢቀርብ ይመረጣል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ክስ ለማቅረብ እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕክምና

የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙትና ካሳደጉት ሐኪሞች መካከል የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ተጠቃሽ ናቸው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ተቋም ሆኖ ቆይቷል። በዚህም ምክንያት ከየክልሉ የሚመጡ ሕሙማን ተራ ለመጠበቅ ተገድደዋል። ይህን ጫና ለመቀነስ አገልግሎቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም እንዲጀመር ተደርጓል።

ሆስፒታሉ በሪፈራል ሥርዓቱ ከፍተኛው እርከን ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር ታካሚው አስቀድሞ በጤና ጣቢያና በአቅራቢያው ባለው ሆስፒታል ታይቶ የሪፈር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል። ከሩቅ ቦታ የሚመጣ ታካሚ ከመነሣቱ በፊት የሚፈልገው ሕክምና በሚኖርበት ክልል ባለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጥ እንደሆነ የላከውን ሐኪም መጠየቁ ከአላስፈላጊ ወጪና እንግልት ያድነዋል። ቀደም ሲል የተደረጉ የምርመራ ውጤቶችን አሟልቶ መያዝም ምርመራው እንዳይደገም ይረዳል።

የጤና ምርምር

በዩኒቨርሲቲው ከተካሄዱት ምርምሮች መካከል በዓለም ዙሪያ የታወቀው የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1950ዎቹ አጋማሽ በአድዋ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው፣ ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት እንዳሉ አስተዋሉ። በሽታው የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል በመሆኑ፣ ግኝቱ በሀገር ውስጥ በሚበቅል ተክል በሽታውን ለመቆጣጠር የሚያስችል መንገድ አመለከተ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ምርምር ተቋም በስማቸው ይጠራል። እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የእንዶድ ጥቅም በተመራማሪ ዓይን ሲታይ ለሌሎች ሀገሮችም የሚተርፍ ዕውቀት መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

የመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ

በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአራት ኪሎ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አዘጋጅተዋል። የዚህ ተቋም ሥራ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይከናወናል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው ተደጋጋሚ ርዕደ መሬት በደረሰበት ወቅት፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ነዋሪዎች ከመኖሪያቸው ሲፈናቀሉና ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች ስለ ክስተቱ ለሕዝብ ማብራሪያ ሲሰጡ ቆይተዋል።

ዜጎች ሊገነዘቡት የሚገባው፣ የርዕደ መሬትን ቦታና መጠን መመዝገብ ቢቻልም የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚያስችል ሳይንሳዊ ዘዴ እስካሁን አለመኖሩን ነው። ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይከሰታል» የሚሉ መልእክቶች ሲሰራጩ ሳይደናገጡ፣ መረጃን ከኢንስቲትዩቱና ከአደጋ ስጋት አመራር ተቋማት መከታተል ያስፈልጋል።

ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየምና የዕፅዋት ስብስብ

በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ስታኒስላው ሖይናትስኪ የጎላ ድርሻ ነበራቸው። በቤተ መጻሕፍቱ የብራና መጻሕፍት፣ የቆዩ ጋዜጦችና ስለ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ ሥራዎች ተጠብቀዋል። ሙዚየሙ የሀገሪቱን ሕዝቦች ባህል፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ሥዕሎች የሚያሳይ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ለጎብኚዎች ክፍት ነው።

በአራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሀገሪቱን ዕፅዋት ናሙናዎች ይጠብቃል። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን የሚገልጹ ተከታታይ ቅጾችን አስገኝቷል። ሥራውን ከፍጻሜ ካደረሱት መካከል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል። በግብርና፣ በባህላዊ መድኃኒትና በደን ልማት ለተሠማሩ ሰዎች ይህ ስብስብ የአንድን ተክል ትክክለኛ ማንነት ለማረጋገጥ ያገለግላል።

የትምህርት ማስረጃና ምዝገባ

የቀድሞ ተመራቂዎች፣ በተለይም በውጭ ሀገር የሚኖሩ፣ የትምህርት ማስረጃቸውን የሚጠይቁት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ከስያሜ ለውጡ በፊት የተመረቁ ሰዎች ዲፕሎማ የቀድሞውን ስም የያዘ በመሆኑ፣ ማስረጃውን የሚቀበለው የውጭ ተቋም ሁለቱ ስሞች የአንድ ዩኒቨርሲቲ መሆናቸውን እንዲረዳ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የአለማያንና የጎንደርን ጨምሮ በአንድ ወቅት በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበሩ ኮሌጆች ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ፣ ማመልከቻ ከማስገባት በፊት የግል ማኅደሩ የሚገኝበትን ተቋም መጠየቅ ይገባል። በወጪ መጋራት ሥርዓት የተማሩ ተመራቂዎች ደግሞ ግዴታቸውን በሚመለከት የሚጠየቀውን ማስረጃ አስቀድመው ቢያዘጋጁ ጉዳያቸው ይፋጠናል።

አዲስ ለመማር የሚፈልጉ አመልካቾች ዩኒቨርሲቲው በሀገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን፣ ከዚህም ጋር ተያይዞ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ማወቅ ይኖርባቸዋል። የምዝገባ ጊዜ፣ መስፈርትና ክፍያ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣውን ማስታወቂያ መከታተል ያስፈልጋል።

ማሳሰቢያ ለተገልጋዮች

ወደ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲው ክፍል የሚሄድ ተገልጋይ የታደሰ መታወቂያና ለጉዳዩ የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዋናውንና ቅጂውን ይዞ ሊቀርብ ይገባል። ግቢዎቹ በከተማዋ በተለያዩ ቦታዎች የሚገኙ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል በየትኛው ግቢ እንዳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ጊዜን ይቆጥባል። በመግቢያ በር ላይ የመጡበትን ጉዳይና የሚሄዱበትን ክፍል በግልጽ መናገር በቂ ነው፤ ተማሪ አለመሆን ለሕዝብ የተዘጋጀውን አገልግሎት ከመጠየቅ አያግድም።