የማይወልቀው ላይፍ ጃኬት

ከነቀምቴ ተነስቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው ዴዴሳን በድልድይ ይሻገራል። ወደ ቡሬ የሚያቀና ደግሞ በመጀመሪያ አንገርን፣ ቀጥሎም ዓባይን ያገኛል። በሆሮ ጉዱሩ በኩል እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው የፊንጫ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ተንጣሏል። በምዕራብ፣ ከወለጋ ጋር በሚዋሰነው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ አለ። በአጭሩ የጉቶ ጊዳ ሰው የትም ይሂድ የት ውኃ ያጋጥመዋል። ድልድይ ባለበት በመኪና ያልፋል፤ በሌለበት ደግሞ ታንኳና ጀልባ አለ።

ውኃው እንዲህ ከበዛ ስለ ዋና ያለን ዕውቀት ምን ያህል ነው? ብዙዎቻችን፣ በተለይም ደጋ ያደግን፣ ዋና አንችልም። ስለዚህ ጀልባ ላይ ስንወጣ ሕይወታችንን የምንሰጠው ለቀዛፊው ችሎታና ለአንድ ልብስ ነው፤ ለላይፍ ጃኬት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሐይቅ ላይ ለመሻገር ጀልባ ተሳፍሬ ነበር። የተሰጠኝ ጃኬት አንገቴን የሚፈገፍግ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ፣ በሙቀቱም ላይ ሌላ ሙቀት የሚጨምር ነበር። ስታገል ያየኝ የጀልባው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሙቀቱን አይችሉትም፤ ይልቅ ይቀመጡበት» አለኝ። እኔም ተቀመጥኩበት። ዙሪያዬን ስመለከት ሌሎቹም ተሳፋሪዎች ተቀምጠውበታል። ሕግ ተምሬያለሁ የምል ሰው ያን ቀን ሕይወቴን የሚያድነውን ዕቃ ትራስ አድርጌው ተሻገርኩ።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ከዚያ ቀን የተገኘ ነው። ምቾት ለላይፍ ጃኬት ቅንጦት አይደለም። የማይመች ጃኬት ይወልቃል፤ የወለቀ ጃኬት ደግሞ ማንንም አያድንም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ የሚያወጣው የጀልባ አደጋ ዘገባ ይህንኑ ያሳያል፤ በቅርብ ዓመታት ሰምጠው ከሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ በሚናወጥ ውኃ ውስጥ ጃኬት ፈልጎ መልበስ ለዋናተኛም ቢሆን እጅግ ከባድ ነው።

ስንት ኒውተን?

አንድ አዋቂ ሰው ጭንቅላቱ ከውኃ በላይ እንዲሆን በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚደርስ ተጨማሪ የማንሳፈፍ ኃይል ይበቃዋል። ጃኬቶች የሚለዩት በዚህ ኃይል ሲሆን፣ መለኪያው ኒውተን ነው፤ 10 ኒውተን 1 ኪሎ ያህል ነው። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ዋናዎቹ ደረጃዎች 50፣ 100፣ 150 እና 275 ናቸው። ቁጥሩ ጃኬቱ ላይ በተሰፋው ወይም በታተመው ምልክት ላይ ይገኛል። ምልክት የሌለውን ጃኬት አለመግዛት ይሻላል።

ባለ 50ው ቀላልና ምቹ ነው፤ ታንኳ ቀዛፊዎች የሚወዱትም እሱን ነው። ይሁንና የተሠራው ዋና ለሚችልና ረዳት በቅርብ ላለው ሰው ነው። ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ ይገለብጠዋል ተብሎ አይታመንም። ዋና ለማይችል ሰው ቢያንስ ባለ 100 ያስፈልጋል። ባለ 150ና ከዚያ በላይ ያሉት ለባሕርና ለአስቸጋሪ ሁኔታ የተዘጋጁ ናቸው። እንግዲህ «ምቹ» ሲባል ከሚያስፈልገን ደረጃ ውስጥ የሚመቸውን ማለት እንጂ፣ ስለቀለለ ብቻ ዝቅ ያለውን መምረጥ ማለት አይደለም።

ልክ መሆኑን ማወቂያ

ጃኬቱን ይልበሱ፤ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ከታች ወደ ላይ ያጥብቁ። ከዚያ ሌላ ሰው ሁለቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጃኬቱ ወደ አገጭዎና ወደ ጆሮዎ ከወጣ ሰፍቶዎታል፤ ውኃ ውስጥም እንደዚሁ ያደርጋል። ጠብቆ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ደግሞ ጠቦዎታል። ቀጥሎ ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉና እንደሚቀዝፍ ሰው ክንድዎን ያንቀሳቅሱ። ብብትዎን የሚፈገፍግ ወይም ሲቀመጡ ወገብዎ ላይ ተጣጥፎ ወደ አንገት የሚገፋ ከሆነ ይተዉት።

ለመቅዘፍ የሚሻለው የብብቱ ክፍት ቦታ ሰፊ የሆነ፣ ወገብ ላይ የሚያጥር፣ በጎንና በትከሻ የሚስተካከል ማሰሪያ ያለው ነው። መቀመጫው መደገፊያ ካለው ጀርባው ላይ ያለው ፎም ከፍ ብሎ የተሰፋውን ይምረጡ። እንደ ዴዴሳና አንገር ሸለቆ ላለ ቆላ ደግሞ ከጎን ክፍት የሆነ ወይም የታችኛው ጀርባ በመረብ ጨርቅ የተሠራ ነፋስ ያስገባል። ከሥሩ ስስ ሸሚዝ ይበቃል። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን፤ በክረምት የደፈረሰ ውኃ ላይ ቡናማና አረንጓዴ ከሩቅ አይለዩም።

ለልጆች የሚገዛው በክብደታቸው ልክ ነው። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ የሚገዛ ጫማ ጉዳት የለውም፤ እንዲህ ተብሎ የተገዛ ላይፍ ጃኬት ግን ልጁን በታች ያሾልከዋል። ለሕፃናት ጭንቅላት የሚደግፍ ኮሌታ፣ በእግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ከኋላ ጎትቶ ማውጫ እጀታ ያለው ይፈለግ።

ፎም ወይስ የሚነፋ?

ከሁሉ ይበልጥ ቀጭንና ምቹ የሚመስለው በጋዝ የሚነፋው ነው። ሆኖም ጋዙ የተሞላባት ትንሽ ሲሊንደር በየጊዜው መመርመርና ከተጠቀሙባት በኋላ መቀየር አለባት። መለዋወጫው በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ችግር ነው። ለልጆች፣ ዋና ለማይችሉና ፏፏቴማ ወንዝ ለሚቀዝፉም አይመከርም። ከውጭ አገር በዘመድ የሚያስመጣም ሲሊንደሩን በአውሮፕላን ለመያዝ የአየር መንገዱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

የሚነፋ ጃኬት ያለ ዕውቀት ምን እንደሚያደርግ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የነፉ ነበሩበት። ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። ጣሪያ ባለው ጀልባም የሚነፋ ጃኬት የሚነፋው ከወጡ በኋላ ነው።

ፎም ያለው ግን ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ፎሙ ውኃ የማይመጥ መሆን አለበት፤ የፍራሽ ስፖንጅ የተሞላ ከሆነ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሲገዙ በባልዲ ውኃ ውስጥ በድንጋይ ተጭነው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከብዶ ካገኙት ይመልሱት። ከተጠቀሙ በኋላ በጥላ ያድርቁት፤ ጸሐይ ጨርቁንና ክሩን ታሳስተዋለች። አይቀመጡበት፤ ፎሙ ሲጨፈለቅ የማንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል። እኔ ትራስ ያደረግኩት ጃኬት ከእኔ ቀጥሎ ለሚለብሰው ሰው ምን ያህል ኃይል እንደተረፈው እንጃ።

ሕጉስ?

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሣ ይከፍላል። ሰው በቸልተኝነት እንዲሞት ያደረገ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይጠየቃል፤ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት ለተሳፋሪ የሚያድል ባለጀልባ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ተሳፋሪውም ቢሆን ከዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2098ን አይርሳ፤ ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሣው ይቀነሳል። የተሰጠውን ደህና ጃኬት አውልቆ የተቀመጠበት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ነገር ግን ካሣ ለቀሪ ቤተሰብ ነው፤ ለሟች አይደርስም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጀልባ ሲሳፈሩ ደህናውን ጃኬት ጠይቀው ይቀበሉ፤ ማሰሪያውን ይፈትሹ፤ ከዳር ሳይነሱ ይልበሱ። የጀልባው ልጅ «ይቀመጡበት» ካለዎትም «እሺ ልጄ፣ ማዶ ስንደርስ» ይበሉት።