ፕሮፓጋንዳ በአማርኛ ልብ ወለድ

ፕሮፓጋንዳ በአማርኛ ልብ ወለድ ሲነሳ ነገሩ ስለ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጥቂቶች ብዙዎችን በጉልበት ብቻ ሳይሆን በቃል እንዴት ይገዛሉ? ቃሉ ከውጭ ይምጣ እንጂ ግብሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ጋዜጣና ሬዲዮ ሳይኖር በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ይነገር ነበር። አዋጅ ግን ያዛል እንጂ አያባብልም። ደራሲዎቻችን የመረመሩት ማባበሉን ነው፤ ሰው መገዛቱን ወዶ እንዲቀበል የሚያደርገውን ንግግር።

አንዱ ምሳሌ የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ነው። በልብ ወለዱ የዲማው ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ ሹመቱንም ክብሩንም የሚያቆመው በዘር ቆጠራ ነው። አጥንቱን እየቆጠረ ይኮራል፤ ገበሬውም የጌታው የበላይነት ከፈጣሪ የተሰጠ እንደሆነ እየሰማ አድጓል። በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የረቀቀው ነገር ግን የካሳ ዳምጤ ቅጽል ስም ይመስለኛል። ካሳ የባላባቶቹን ሥርዓት አንድ በአንድ እየነቀሰ ይተቻል፤ ንግግሩ እውነት ስለሆነ መልስ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ «ጉዱ ካሳ» ተባለ። ስሙ ከወጣለት በኋላ ማንም ሊከራከረው አያስፈልግም፤ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቃሉ ረክሷል። የፊታውራሪ የበላይነት የሚናደው ደግሞ በክርክር አይደለም፤ ተጨማሪ ግብር አንገፍግፏቸው የተነሱት ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት ሲማርኩት ነው። አጥንቱ የተቆጠረለት ጌታ እንደማንም ሰው እንደሚያዝ አገሩ በዓይኑ አየ።

የዳንግላ ጎረቤት የአቸፈር ተወላጅ የሆነው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «አልወለድም» ሌላ መንገድ ይከተላል። በእናቱ ማህፀን ያለ ጽንስ ግፍ ወደሞላበት ዓለም መምጣትን እምቢ ይላል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መጽሐፉን አገደው።

ጉዳዩን ከሁሉም በላይ ከውስጥ ሆኖ ያሳየው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ነው። ወታደራዊው ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ አማፂያን ላይ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲጀምር በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ዘመቻውንም አስመራ ሄዶ አይቶታል። የልብ ወለዱ ተራኪ ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆኖ ይላካል። ሥራው ድሉ ገና ሳይገኝ ማብሰር ነው። በአንድ በኩል ለሕዝብ የሚነገረው የድል ቋንቋ፣ በሌላ በኩል ናቅፋ ተራራ ሥር ሠራዊቱ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ይጋጫሉ። ፀጋዬ አስመራ ላይ የሚያፈቅራት ፊያሜታ ጊላይም አለች፤ በእሷ በኩል ጦርነቱ ከመፈክር ወጥቶ ሥጋ ይለብሳል። እኔ እንደማነበው የመጽሐፉ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ፀጋዬ ውሸታም አይደለም፤ በዘመቻው የሚያምን፣ ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ነው። በአብዛኛው ሥልጣንን የሚያቆመውም ክፉ ዋሾ ሳይሆን እንዲህ ያለ ቅን ሠራተኛ ነው። ርዕሱ «በቃ፣ አበቃ» የሚል ስሜት ያለው፣ አስመራ ውስጥ የተለመደ የጣሊያንኛ ቃል ነው።

በዚህ ረገድ በዓሉን ከእንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ኦርዌልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቢቢሲ ወደ ሕንድ የሚተላለፉ ፕሮግራሞችን ያዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመው «1984» ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ አሮጌ ጋዜጦችን እያረመ ያለፈውን ታሪክ ለገዢው ፓርቲ እንዲስማማ ያደርጋል። ሁለቱም ደራሲዎች ፕሮፓጋንዳን ያወቁት ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ነው። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ ኦርዌል ወደፊት ሊመጣ የሚችል አገር ፈጠረ፤ በዓሉ ግን ያለበትን አገር፣ ያለበትን ዓመትና አንባቢ በቀላሉ የሚለያቸውን ሹማምንት ጻፈ።

ለዚህም ነው ቅጣቱ የፈጠነው። «ኦሮማይ»ን ያሳተመው መንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ቢሆንም መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከመደብር ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ቀድሞ በ1972 ዓ.ም. «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ጽፎ አብዮቱን የደገፈ ደራሲ መሆኑ አላዳነውም። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ደርግ ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» እንደገና ታትሞ በአደባባይ ተሸጠ።